ሥዕሉ አለ ድምፁ የለም፦ ቤት ውስጥ በርን ያደረግናቸው (ባዶ ዲስክ ላይ የጻፍናቸው) ዲቪዲዎች ጉዳይ

ሰላም ወገኖች፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ ብዬ ነው፣ በተለይ እንደኔ የድሮ የቪዲዮ ካሴትና የስልክ ቪዲዮ ወደ ዲቪዲ የምትገለብጡ ካላችሁ። ያለሁት ፍኖተ ሰላም ነው፣ እንጀራዬ ሌላ ነው ይሄን ማታ ማታ ነው የምነካካው፣ መጀመሪያ ለቤተሰብ ነበር ከዛ ጎረቤት ሰማ ከዛ ከቡሬም ከደምበጫም ፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው በዛ። በዚህ ዘመን ዲቪዲ ማን ያያል የምትሉ አትጠፉም፣ ገጠር ያሉት ወላጆቻችን ያያሉ። ዴኩ (ዲቪዲ ማጫወቻው) አለ፣ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ኔትወርክ የለም፣ እናት ዲስኩን ከትታ አንዷን ቁልፍ ተጭና የልጇን ሰርግ ማየት ነው የምትፈልገው፣ አለቀ።

ተመልሶ የሚመጣው ቅሬታ ደግሞ ሁሌ የድምፅ ነው። ወይ ጭራሽ የለም፣ ወይ ከአፍ እንቅስቃሴው ጋር አይሄድም፣ ወይ ሙዚቃው ይሰማል ንግግሩ ጠፍቷል። ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚወነጅለው ባዶ ዲስኩን ነው፣ "ፎርጅድ ዲስክ ነው" ይባላል፣ ሌላ ይገዛል፣ ያኛውም ያው ይሆናል። እኔ አሁን የደረስኩበት መደምደሚያ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ድምፁ ብቻ ከታመመ ዲስኩን መጠርጠር ትርፉ ድካም ነው። ምክንያቱም ዲቪዲ ላይ ሥዕልና ድምፅ ለየብቻ አልተቀመጡም፣ ቪዲዮ ቲኤስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉት ቪኦቢ ፋይሎች ሁለቱንም እየቆራረጡ አቀላቅለው ነው የሚይዙት፣ ስለዚህ ሌንሱ ማንበብ ሲያቅተው ሥዕሉም አብሮ ይሰባበራል፣ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል፣ ይቆማል፣ ይዘላል። ድምፁን ብቻ መርጦ የሚበላ ጭረት የለም። (ጎኑ ያለው ኦዲዮ ቲኤስ የሚባል ፎልደር ባዶ ሆኖ ስታገኙት ደግሞ አትደንግጡ፣ ለሌላ አይነት ዲስክ የተተወ ቦታ ነው፣ የፊልም ዲቪዲ ላይ ባዶ ነው የሚሆነው።)

ስለዚህ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ከሱቅ የተገዛ፣ ድምፁ እንደሚሰራ የማውቀውን ዲቪዲ እዛው ዴክ እዛው ቴሌቪዥን ላይ መክተት ነው። እሱም ዝም ካለ ገመዱ ወይ ዴኩ ነው፣ ላፕቶፕ መክፈት አያስፈልግም። ብጫው ሥዕል ነው፣ ነጩ ግራ ድምፅ ነው፣ ቀዩ ቀኝ ድምፅ ነው፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን ግን አሮጌ ቴሌቪዥኖች ድምፅ ማስገቢያቸው አንዲት ቀዳዳ ብቻ ትሆንና ነጩ ብቻ ይሰካል፣ የቀረጸው ሰው ማይኩን በቀኝ በኩል ብቻ አስገብቶት ከሆነ እዛ ቤት ምንም አይሰማም ማለት ነው። ሌላው ኋላው ላይ ስድስት የድምፅ ቀዳዳ ያላቸው ዴኮች ናቸው። ሴቲንጋቸው 5.1 (ለስድስት ስፒከር የተከፋፈለ ድምፅ) ላይ ከሆነ ንግግሩን የመሀል ስፒከር ወደሚሰካበት ቀዳዳ ይልኩታል፣ እዛ ደግሞ ማንም ምንም አልሰካም፣ ሙዚቃው እያለ ሰው የማይናገርበት ፊልም የሚሆነው እሱ ነው። ኦዲዮ ሴቲንግ ገብታችሁ ዳውንሚክስ (ብዙውን ድምፅ አጣጥፎ የሚያቀላቅለው) የሚለውን ስቴሪዮ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ብቻ አድርጉት፣ ይመለሳል።

የተገዛው ሰርቶ የኛው ዝም ካለ ግን ወደ ፋይሉ ነው። ዲቪዲ የራሱ ህግ አለው፣ ቀልድ አያውቅም። የሚቀበለው የድምፅ ፎርማት (ድምፁ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበት መንገድ) ኤሲ 3፣ ያልታመቀ ፒሲኤም፣ ኤምፒ 2 እና ዲቲኤስ ነው። ስልክ የሚቀርጸው ኤምፒ 4 ውስጥ ያለው ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤኤሲ ነው፣ እሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ኤምፒ 3ም የለም። ዲቲኤስም ቢሆን በዝርዝሩ ይኑር እንጂ ዴኩ ሁሉ የመፍታት ግዴታ የለበትም፣ ርካሾቹ ዴኮች ሥዕሉን እያሳዩ ድምፁን ዝም ይሉታል። እኔ ስቴሪዮ ኤሲ 3 ብቻ ነው የምጠቀመው፣ በሰከንድ 192 ኪሎቢት ለሰርግም ለስብከትም ይበቃል። ፒሲኤም ጥራቱ የበለጠ ነው እያሉ የሚከራከሩ አሉ፣ ልክ ናቸው ግን ስቴሪዮው በሰከንድ 1536 ኪሎቢት ይበላል፣ በሰዓት 690 ሜጋባይት ገደማ ማለት ነው፣ ኤሲ 3ው በዛው ሰዓት 86 ገደማ ነው። ዲስኩ ያለው 4.7 ጊጋባይት ነው፣ ሥዕልና ድምፅ ተደምሮም በሰከንድ ከ10.08 ሜጋቢት ማለፍ አይችልም። ካሴት ላይ ሃያ አመት የተኛ ድምፅ በፒሲኤም ተገልብጦ ምን ይጨመርለታል?

ቀጥሎ 48 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ እየተለካ መቀመጡ። የሙዚቃ ሲዲ 44.1 ነው፣ ከሱ የተገለበጠ ኤምፒ 3ም አብዛኛው እንደዛው፣ ዲቪዲ ግን 48 ነው የሚፈልገው። ጥሩ ሶፍትዌር ራሱ ይቀይርላችኋል ወይ አልቀበልም ይላል፣ ክፉው ግን 44.1ዱን 48 ነው ብሎ ያሳልፈዋል፣ ያኔ ድምፁ 9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ቃናውም ሽቅብ ይወጣል። ዘፈን ላይ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል፣ የመዝሙር ወይ የቅኔ ቅጂ ላይ ግን እዚህ ጎጃም ውስጥ አትሞክሩት፣ ከቆሎ ተማሪ ጀምሮ የዜማ ጆሮ ያለው ሰው ነው የሚያዳምጠው፣ በመጀመሪያዋ ሐረግ ነው የሚይዛችሁ። ሚዲያኢንፎ የምትባል ነፃ ፕሮግራም አለች፣ ፋይሉን ስትጥሉባት የድምፁን አይነትም ኪሎኸርዙንም ትነግራችኋለች፣ ሳላያት አሁን ምንም አልጀምርም። ለመቀየር ኤፍኤፍኤምፔግ (ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሰራ ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም) ላይ ታርጌቱን ፓል ዲቪዲ ካላችሁት ሥዕሉን 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ ድምፁን ኤሲ 3 በ48 አድርጎ ያወጣዋል፣ ድምፁን 448 ኪሎቢት ስለሚያደርገው ቦታ ከጠበባችሁ እሱን ብቻ ዝቅ አድርጉ። ትእዛዝ መጻፍ የሚጨንቀው ዲቪዲስታይለር የሚባለው ፕሮግራም ይበቃዋል።

አሁን ብዙ ያደከመኝን ልንገራችሁ። ጥር ላይ የተቀረጸ ሰርግ ነው፣ ካሜራማኑ ድምፁን በቀጥታ ከሚክሰሩ (የማይኮቹ ድምፅ ከሚቀላቀልበት መሣሪያ) ነው የወሰደው፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሙሽሮቹን እያሞገሰ ነው፣ እኔ ላፕቶፕ ላይ በኢርፎን ሳዳምጥ አለ፣ ትንሽ ከጭንቅላቴ ኋላ የሚመጣ አይነት ነገር አለው እንጂ ይሰማል። ሚዲያኢንፎ ሁሉም ልክ ነው ትላለች። ዲስኩን ወሰዱት። የሙሽራው አባት ደወሉ፣ "ልጄ፣ አዝማሪው አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ ድምጡን ግን ሰው አልሰማውም፣ ዲዳ ነው እንዴ ያስዘፈንነው?" አሉኝ። የገዙት ዲስክ እዛው ዴክ ላይ በደንብ ይሰማል። ቤታቸው ሄድኩ፣ ቴሌቪዥኑ ነጭም ቀይም ቀዳዳ አለው ስፒከሩ ግን አንድ ነው፣ ሁለቱም ተሰክቷል፣ እውነትም ዝም። ገመዱን ስነካካ ቀዩ ሲነቀል ማሲንቆው ቤቱን ሞላው። መልሼ ሰካሁት፣ ጠፋ። ነቀልኩት፣ መጣ። አባትየው "በል እንደተነቀለ ተወው" አሉ፣ እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚክሰሩ የሚወጣው ኤክስኤልአር ገመድ ባላንስድ ይባላል፣ አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ ይልካል፣ በአንዱ እንዳለ በሌላው ሞገዱ ላዩ ታች ሆኖ ተገልብጦ፣ መንገድ ላይ የገባውን ጩኸት በኋላ ለማጣፋት እንዲመች ነው። ይሄንን ግራና ቀኝ ለይቶ በሚቀበል የካሜራ ስቴሪዮ ጃክ ላይ በተራ መቀየሪያ ስትሰኩት ግራው እንዳለ፣ ቀኙ ተገልብጦ ይቀረጻል። በኢርፎን ሁለት ጆሮ ስለሆነ ይሰማል። ባለ አንድ ስፒከሩ ቴሌቪዥን ግን ሁለቱን ይደምራቸዋል፣ አንዱን በር ሁለት ሰው ከዚህም ከዚያም በእኩል ጉልበት ሲገፋው ማለት ነው፣ በሩ አይንቀሳቀስም። መፍትሄው አውዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የስቴሪዮውን ትራክ ለሁለት መክፈል፣ አንደኛውን መሰረዝ፣ የቀረውን ሞኖ (ግራ ቀኝ የሌለው አንድ ድምፅ) ማድረግ ነው፣ ወይ አንዱን ጎን መርጦ ኢንቨርት ማለት፣ ማለትም ሞገዱን መልሶ መገልበጥ ነው። ከዛ ወዲህ ማንኛውንም ስራ በርን ከማድረጌ በፊት ሞኖ አድርጌ አዳምጣለሁ፣ ድምፁ ከሳሳ ወይ ከጠፋ እዛው አውቀዋለሁ። ካሜራማን የሆናችሁ ደግሞ እባካችሁ ሞኖ የሚያደርገውን መቀየሪያ ግዙ።

የአፍና የድምፅ አለመገጣጠም ሁለት አይነት ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ከዘገየ ቀላል ነው፣ ድምፁን ገፋ ወይ ሳብ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ እየራቀ የሚሄደው ነው ክፉው፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ የስልክ ቪዲዮ ላይ ነው የሚመጣው፣ ስልክ ብርሃን ሲቀንስ የፍሬሙን ፍጥነት ከፍ ዝቅ ያደርጋል ዲቪዲ ግን 25 ካለ 25 ነው። መጀመሪያ ሃንድብሬክ በሚባለው ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ላይ ኮንስታንት ፍሬምሬት (የማይለዋወጥ የፍሬም ፍጥነት) አድርጋችሁ አውጡት፣ ከዛ ነው ወደ ዲቪዲ የሚኬደው።

ስለ በርን ብዙ የምለው የለኝም፣ ፍጥነቱን 4 ወይ 8 አድርጉ፣ ኢምግበርን (በርን ማድረጊያው ፕሮግራም) ላይ ቬሪፋይ (የተጻፈውን መልሶ ማረጋገጥ) የሚለውን አትዝለሉት፣ መብራት ደግሞ ቃሉን ስለማይጠብቅ የላፕቶፑ ባትሪ ሙሉ ይሁን። እና ፋይሉን ጎትቶ እንደ ዳታ ዲስክ ላይ መጣልና ዲቪዲ ቪዲዮ ማድረግ ለየቅል ናቸው፣ ዳታ ካደረጋችሁት ዴኩ ፋይሉን መፍታት መቻል አለመቻሉ በእድል ነው።

አሁን የያዝኩት ከአንድ መሪጌታ የመጣ የቪዲዮ ካሴት ነው፣ ቅኔ ሲዘረፍ የተቀረጸ፣ ከስር ግን እምምም የሚል ድምፅ አለው። አውዳሲቲ ላይ ሳየው 50 ኸርዝ ላይ ነው የተከመረው፣ የመብራታችን ድግግሞሽ ማለት ነው፣ ካሴቱ ላይ ያለ መስሎኝ ነበር። የላፕቶፑን ቻርጀር ስነቅለው እምምታው አብሮ ጠፋ፣ ቪዲዮ ዴኩና ላፕቶፑ በአንድ ማከፋፈያ ተሰክተው በመሬት ሽቦው በኩል እየተገናኙ ነው። ችግሩ የላፕቶፔ ባትሪ አርጅቶ ሙሉ ካሴት አይጨርስልኝም፣ ከፋፍዬ እየቀዳሁ ነው። እዚህ ከተማ የድምፅ አይሶሌተር (ድምፁን እያሳለፈ የመሬት ሽቦውን ግንኙነት የሚቆርጥ ዕቃ) የሚሸጥበት ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።