ለጓደኛዬ ነው

ማክሰኞ ማታ፣ ሐዋሳ። ጠፍቶ የዋለው መብራት አሁን ነው የመጣው። ልጆቹ ተኝተዋል።

ፋርማሲ የሚሠራ ሰው «ለጓደኛዬ ነው» የሚለውን ነገር ይለምደዋል። ፖስት ፒል የምትገዛው ልጅ ለጓደኛዋ ነው። ቫያግራ የሚገዛው አባወራም ለጓደኛው ነው። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት ያ ልጅ መጥቶ እንደዚያ ሲለኝ አልገረመኝም። የገረመኝ ሁኔታው ነው። ሰው ሲገባ ወደ ጥርስ ሳሙናው መደርደሪያ ዞር ይላል፣ ሰው ሲወጣ ይመለሳል፣ ደግሞ ሌላ ሰው ይገባል። አንዱን ካርቶን አራት ጊዜ ሳያነበው አልቀረም። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ማስክ አድርጓል፤ ኮቪድ ካለፈ ስንት ጊዜው!

በመጨረሻ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ክብሪት ያከለ ወረቀት ሰጠኝ። «አሞክሳ 500» ይላል።

«ጓደኛህን ምን ያመዋል?»

«ጉሮሮውን። ደግሞ... ስቀመጥ ያመኛል።»

አፉን አዳልጦት «ያመኛል» ማለቱን እሱም ሰማው። ማስኩን ወደ ላይ ሳበው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ልጻፍ፤ ዛሬ መጻፍ የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። ገና ተመርቄ፣ ሌላ ፋርማሲ ተቀጥሬ ስሠራ፣ ልክ እንደዚህ የሚያፍር አንድ ልጅ ገብቶ ነበር። አነጋገሩ ለስለስ ያለ ነው። የሥራ ባልደረባዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ልጁ ከበሩ ሳይወጣ ሳቅን። በደንብ ነው የሳቅነው። ሰማንና መልሱን ሳይቀበል ወጣ። ሠላሳ አምስት ብር ነበር። በወረቀት ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩለት፤ ነገ ይመጣል ብዬ። አልመጣም። ምን እንደነበረበት፣ ታክሞ ይሁን ሳይታከም፣ አላውቅም። ብሩ ከተቀመጠበት መሳቢያ ሌላ ነገር ባወጣሁ ቁጥር ወረቀቱ እጄን ይነካው ነበር።

ይሄኛውን ወደ ጓዳ አስገብቼ ግሉኮስ ካርቶን ላይ አስቀመጥኩት። (የሚታወቅበትን ነገር ሁሉ ቀይሬ ነው የምጽፈው።) ወንድ እንደሚወድ ነገረኝ። የሰፈር ሰው በምን ስድብ እንደሚጠራቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ እዚህ አልደግመውም። እነሱ እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ አለኝ። መታወቂያ ላይ የምናውቀው ቃል ነው፤ ለካ ሌላ ሥራም አለው።

ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት አንድ ክሊኒክ ሄዷል። እውነቱን ሲነግራቸው ያየው ባለሙያ ሁለት ባልደረቦቹን ጠራ። ለምክክር እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያዩት ነው። አንደኛዋ ማማተብ ጀመረች። ልጁ ቀበቶውን ያሰረው ኮሪደር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጉግልና አሞክሳ።

አሞክሳውን አልሸጥኩለትም። ጨብጥ ከሆነ አሞክሳን ከተላመደው ቆይቷል፤ እሱን መዋጥ በሽታውን ማባበል ነው። ደግሞ ጨብጥ ጉሮሮና ፊንጢጣ ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ የሽንት ምርመራም እዚያ ያለውን አያሳይም። ሐኪሙ የት መፈለግ እንዳለበት የሚያውቀው ታካሚው ሲናገር ነው። ታካሚው ደግሞ አንዴ ተናግሮ የደረሰበትን አይቷል።

ግንኙነቱ መቼ እንደነበር ጠየቅኩት። ከወር በላይ ሆኖታል። ለኤችአይቪ የተጋለጠ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ይሄንን አያውቅም ነበር። ቀድሞ የሚወሰድ መከላከያ ኪኒን እንዳለም አያውቅም። ከየት ይስማ? በየጤና ጣቢያው የሚነገረውን አስታወስኩ፦ ሴተኛ አዳሪዎች፣ የረጅም ርቀት ሾፌሮች፣ ታራሚዎች፣ የቀን ሠራተኞች። እሱ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቫይረሱ ግን ዝርዝር አያነብም።

ግቢ አብረን የነበርን አንዲት ሐኪም ጋ ደወልኩ። «ሐሙስ ከሰዓት ይዘሽው ነይ» አለች፤ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። እህቱ ነኝ ብዬ አብሬው ገባሁ። «በአፍ ነው፣ በፊት ነው፣ በኋላ?» አለችው፣ እስክሪብቶዋን እየፈለገች፣ ፔኒሲሊን ይስማማሃል ወይ ብላ በምትጠይቅበት ድምፅ። መለሰላት። ትከሻው ሲወርድ አየሁት። መርፌ ተወጋ። ኤችአይቪ ነፃ ነው፤ በሦስት ወር ይደገማል። የጉበት ቢ ክትባትም ጀመረችለት፤ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው። ሁሉም ተደምሮ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ለሃያ ደቂቃ ነገር ነው ልጁ አንድ ወር በጎኑ ሲቀመጥ የከረመው።

ሕጉን አውቀዋለሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ይቀጣል። ይኸው ሕግ አንቀጽ 399 ላይ የሙያ ምስጢር የሚያወጣን ባለሙያም ይቀጣል። የመጀመሪያውን የማያውቅ የለም። ሁለተኛውን ጠቅሶ የሰማሁት ሰው ግን የለም፤ ያ ክሊኒክ ውስጥ ያሉትም ጭምር።

ከሐኪሟ ስንወጣ ፍቅር ሐይቅ ወርደን ተቀመጥን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ቆመዋል። የዓሳ ሾርባ አዘዝኩለት፤ ማንኪያውን አዙሮ አዙሮ ተወው። ከዚያ ሐይቁን እያየ፦

«እህቴ፣ እንቅልፍ የሚያስይዝ ኪኒን ትሰጪኛለሽ?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «በዛ ያለ» አለ።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ነው?» አልኩት። እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን ያመጣበታል የሚል ፍርሃት አለ፤ እኔም ድሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አያመጣበትም። ይልቅ የሚሸከመውን አንድ ሰው ያግዘዋል። ሁለት ጊዜ አስቧል። ሁለተኛው ከጠበል የተመለሰ ለት ነው። እናቱ ነች የወሰደችው። እኔም ጠበል እሄዳለሁ፤ ሰላም አገኝበታለሁ። እሱ ያገኘው መቁጠሪያ ነው፤ ጀርባው ላይ።

ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ አመሸሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ተመሳሳይ ፆታ መውደድን ከበሽታ ዝርዝር ያወጣው ግንቦት 9 ቀን 1982 ነው። እኔ የተወለድኩት 1982 ነው፤ እኩያሞች ነን። ሌላም ጥናት አገኘሁ፤ አሜሪካ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ። ከ21 እስከ 25 ዓመት የሆኑ፣ ተመሳሳይ ፆታ የሚወዱ 224 ወጣቶችን ጠይቀዋል። ቤተሰቡ ክፉኛ የገፋው ወጣት፣ ምንም ካልተገፋው ወይም ጥቂት ከተገፋው ይልቅ ራሱን ለማጥፋት የሞከረበት አጋጣሚ 8.4 እጥፍ ነው። ሀገሩ ሩቅ ነው። ግን ያ ልጅ ስለ ጨብጡ ሲያወራ አላለቀሰም። ስለ እናቱ ሲያወራ ነው ያለቀሰው።

አሁን የአእምሮ ጤና ነርስ ጋ ይሄዳል፤ ሐኪሟ ናት ያገናኘችው፤ አፏ የታመነ ነው። ከእኔ ጋር ያለን ውል አንድ ነው፦ ማታ ማታ «አለሁ» ብሎ ይጽፍልኛል። ሌላ ምንም። አንዳንዴ አራት ሰዓት ላይ፣ አንዳንዴ ሌሊት። ባለቤቴ ማነው ይሄ የሚጽፍልሽ ብሎ ተቆጥቶ ነበር። «ታማሚዬ ነው» አልኩት። እሱም በቃ አለ። ለሱም ቢሆን የነገርኩት ይህችኑ ነው።

ዛሬ ደግሞ እናትየው መጣች።

ማን እንደሆነች ያወቅኩት ነጠላዋን አስተካክላ «ልጄን ሐሙስ ዕለት ካንቺ ጋር አይተውት ነግረውኛል» ስትለኝ ነው። ሐዋሳ ሰፋች ይላሉ፤ ለወሬ ግን አሁንም አንድ ሰፈር ናት። ግፊት ልለካ ነው የመጣሁት አለች። እጇን ዘረጋች። የእጇ አንጓ ላይ ያለው የክር አምባር እሱ የሚያስረው ዓይነት ነው።

160 በ95።

«ምን ሆኖ ነው ልጄ፣ ዶክተር?» ዶክተር አይደለሁም፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጠራኝ።

«እኔ ምንም ልልዎት አልችልም፣ እናቴ። እሱን ይጠይቁት።»

«አልጠየቅኩት መስሎሽ ነው?»

«ሳይቆጡ ይጠይቁት። ቁጭ ብለው።»

ዝም አለች። የጥርስ ሳሙናው መደርደሪያ ላይ ዓይኗን ተከለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ያወቅኩት እንደሆነ፣ ምን አደርገዋለሁ?» አለች። እኔን ይሁን ራሷን እንደጠየቀች አልገባኝም።

እርስዎ ከፈሩት የበለጠ እሱ ይፈራዎታል ልላት አሰብኩ። ይሄም ቢሆን ከሱ አፍ የሰማሁት ነው፤ ተውኩት። ትንሽ ይረፉ ብዬ ወንበር ሰጠኋት፣ ውሃ አመጣሁላት። አሥር ደቂቃ ያህል አብረን ተቀመጥን። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ።

እንደገና ለካኋት። አልወረደም።