ምን አለሽ?

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ምክንያት የለውም። ክረምት ሲገባ እንዲህ ያደርገኛል። ቤት ከምቀመጥ ብዬ መርካቶ ወረድኩ። ያቺ ላፕቶፔም ሁለት ገጽ ከከፈትኩባት ቀጥ ማለት ጀምራለች። ራም፣ ማለት የሥራ ማስታወሻዋን፣ ጨምሪላት ተብያለሁ። ጓደኛዬ ሰ. «አዲስ ግዢና ተገላገይ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ነፍስ ያለው ዕቃ መጣል አይሆንልኝም።

ምናለሽ ተራን እወደዋለሁ። ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ያውም ሴትን የሚጠይቅ። ምን አለሽ? በርሜሉ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ጎማው ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ይበሳል፣ ጭቃው ጫማ ይይዛል። እዚያ መሃል ነው ኮምፒውተሮቹ ሆድ ዕቃቸው ተዘርግፎ የሚሸጡት። ማዘርቦርዱ ለብቻ፣ ፓወር ሰፕላዩ ለብቻ፣ ቻርጀሮቹ እንደ ቋንጣ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው።

ሻጩ ገና ልጅ ነው። «ዲዲአር ስንት?» አለኝ፣ የራሙን ትውልድ መጠየቁ ነው።

«ሦስት።»

«ባለ ኤሉ ነው ወይስ ዝም ብሎ ሦስት?»

መጠየቁ ደስ አለኝ። ሁለቱ ሲያዩአቸው አንድ ናቸው። ዝም ብሎ ሦስቱ በ1.5 ቮልት ይሠራል፣ ባለ ኤሉ በ1.35። የኔዋ ላፕቶፕ የምትቀበለው ዝቅተኛውን ብቻ ነው። ባለ 4 ጊጋ አወጣና የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በእርሳስ ላጲስ ፈገፈጋቸው። «እዚሁ ይሞከርልሽ እህቴ፣ ከወሰድሽ በኋላ መመለስ የለም» አለኝ።

እሱ እየሞከረልኝ ዓይኔ መሬት ላይ ወዳለ ካርቶን ሄደ። ሃርድ ዲስክ ሞልቶበታል። ጎንበስ ብዬ መፈተሽ ጀመርኩ። እዚህ በመጣሁ ቁጥር እፈትሻለሁ። የምፈልገው የድሮውን ነው፤ ባለ 40 ጊጋ፣ ያ ሰፊው ጠፍጣፋ ገመድ የሚሰካበት።

«እሱ አሁን ለምንም አይሆንሽም» አለኝ ልጁ። «ለአልሙኒየሙ ነው ያስቀመጥነው።»

ምን እንደምፈልግ አልነገርኩትም።

አባዬ ኮምፒውተሩን የገዛው በ1996 ነው፣ ጡረታው ሲቃረብ። ማታ ማታ በሁለት ጣቱ ይተይብ ነበር፣ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በዚያን ጊዜው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም። በ1967 በእድገት በኅብረት ስለዘመተበት አገር ይጽፋል። ስላስተማረባቸው ትምህርት ቤቶች ይጽፋል። እኛ የምንጠብቀው ወንበሩን ለቆልን ጌም እንድንጫወት ነበር። አንዳችንም ምን ጻፍክ ብለን አልጠየቅነውም።

ካረፈ በሁለተኛው ዓመት ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። እማዬ ለቆራሌው ሸጠችው። በብሩ ቡና ገዛችበት። ያንን ቡና እኔም ጠጥቻለሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

የሚያንገበግበኝ ኋላ የተማርኩት ነው። ኮምፒውተር አልነሳም አለ ማለት ጽሑፉ ያለበት ዲስክ ሞተ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ፓወር ሰፕላዩ ጋ ነው። ወይ ደግሞ ራሙ ቆሽሾ ነው። ዛሬ ልጁ ላጲሱን ሲያወጣ ደረቴን ወጋኝ። በላጲስ የሚድን ነገር ይሆን ነበር? ፋይል ቢሰረዝ እንኳ ወዲያው አይጠፋም። የሚጠፋው ማውጫው ነው፣ ጽሑፉ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ አንድ ቦታ አለ እላለሁ። ከዚያ ደግሞ አልሙኒየሙ ትዝ ይለኛል። ቀልጦ የማን ቤት ድስት ሆኖ ይሆን?

ባገኘው እንኳ እንደከፈትኩት አላነበውም። ቪዥዋል ግዕዝ ፊደላችንን የሚያስቀምጠው በላቲኑ ፊደል ቦታ ነበር። ግዕዝ የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የሚባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፣ ከቪስታ ጋር። አባዬ በተየበበት ጊዜ የተጻፈ ፋይል ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ቅንፍ ተዘበራርቆ ነው የሚወጣው። እሱስ አያስጨንቀኝም። ፎንቱን ፈልጌ እጭናለሁ፣ ቁጭ ብዬ ወደ አዲሱ እለውጠዋለሁ። ስንት ሌሊት ቢፈጅም እለውጠዋለሁ።

ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው ሌላው ነገር የመጣብኝ። አባዬ ተይቦ ሲጨርስ ያነብ ነበር። ጮክ ብሎ፣ ለእማዬ። እሷ ሽንኩርት እየላጠች ትሰማዋለች። አንዳንዴ «ኧረ እሱስ እንደዚያ አልነበረም» ብላ ታርመዋለች፣ እሱም ተመልሶ ይቀመጥና ያስተካክላል። እኛ ቴሌቪዥኑ አልሰማ ሲለን ድምፁን እንጨምራለን።

ሁሉንም ሰምታዋለች ማለት ነው። እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት ካርቶን ስበረብር እሷ እቤት ነበረች።

ስገባ ከሰሉን አቀጣጥላ ቡና እየቆላች አገኘኋት። «ዕቃሽን አገኘሽ?» አለችኝ። «አገኘሁ እማዬ» አልኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ። ግን የአባዬን ጽሑፍ ካነሳሁ ኮምፒውተሩ መነሳቱ አይቀርም። የሸጠችው ደግሞ እሷ ናት። እንደ ወቀሳ ይሆንባታል ብዬ ፈራሁ። ሦስተኛውን ጠጥተን ተነሳን፣ ምንም ሳልል።

አሁን እሷ ተኝታለች። ራሙ ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቅር እንዳይላት አድርጌ ከየት ልጀምርላት? ወይስ ጠያቂ አጥታ ነው እስከዛሬ ዝም ያለችው?