ዋንጫው በሁለት ከተማ ሲወሰን

የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ በደርሶ መልስ መካሄዱን የሚነቅፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ዋነኛ መከራከሪያ፣ የመጀመሪያው ጨዋታ ዋንጫ የማይነሣበትና ሁለቱም ቡድኖች ላለመሸነፍ ብቻ የሚጫወቱበት በመሆኑ እውነተኛውን ፍጻሜ በሳምንት ከማዘግየት በቀር ፋይዳ የለውም የሚል ነው። እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። በእኔ እይታ የአህጉራችን የክለቦች ፍጻሜ ክብደቱን የሚያገኘው ከዚያው ከመጀመሪያው ጨዋታ ነው፤ በተለይም እየመራ ያለው ቡድን ተጨማሪ ጎል ይፈልግ ወይስ ያለውን ይጠብቅ የሚለውን መወሰን ከሚያቅተው ከመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች። ለዚህ እምነቴ ከ2025ቱ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስና የግብጹ ፒራሚድስ ፍጻሜ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ጨዋታ ሜይ 24 ቀን በፕሪቶሪያ ሎፍተስ ቨርስፌልድ ስታዲየም ተካሄደ። ለግብጹ ክለብ ጉዞው ራሱ ፈተና ነበር፤ ከካይሮ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ ስምንት ሰዓት ገደማ መብረር ያስፈልጋል፤ ፕሪቶሪያ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ቆላማ ሜዳ ለለመደ ተጫዋች ትንፋሽ የምታሳጥር ከተማ ናት። በ54ኛው ደቂቃ ብራዚላዊው ሉካስ ሪቤሮ ሰንዳውንስን መሪ አደረገ። የደርሶ መልስ ፍጻሜን ጠባይ የሚያሳየው ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። በአንድ ጨዋታ በሚወሰን ፍጻሜ 1 ለ 0 የሚመራ ቡድን ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ኳሱን ይይዛል፣ ሰዓቱን ይገፋል፣ ፊሽካው ሲነፋ ዋንጫውን ያነሣል። በደርሶ መልስ ግን 1 ለ 0 መሪነት እንጂ ድል አይደለም። ሁለተኛ ጎል ቢገኝ የካይሮው ጨዋታ ይቀላል፤ ሁለተኛ ጎል ፍለጋ ወጥቶ አንድ ቢቆጠርበት ደግሞ፣ የሁለቱ ጨዋታዎች ድምር እኩል ሲሆን ከሜዳው ውጪ ብዙ ጎል ያስቆጠረው ቡድን ስለሚያሸንፍ፣ በሜዳው የገባበት ያ ጎል በመልሱ ጨዋታ ዕዳ ሆኖ ይከተለዋል። ሰንዳውንስ ከዚህ ውጥረት ሳይወጣ፣ መደበኛው 90 ደቂቃ አልቆ በባከነው ሰዓት 4ኛ ደቂቃ ላይ ሞሮኳዊው ዋሊድ ኤል ካርቲ ፒራሚድስን አቻ አደረገ።

የዚህን ተጫዋች ታሪክ የሚያስታውስ ሰው ጎሉን እንደ ተራ የአቻነት ጎል ሊያየው አይችልም። ኤል ካርቲ በ2017 የሞሮኮው ዋይዳድ ካዛብላንካ አማካይ በነበረበት ጊዜ ክለቡ በፍጻሜው ከግብጹ አል አህሊ ጋር በቦርግ ኤል አረብ 1 ለ 1 ተለያይቶ ወደ ካዛብላንካ ተመለሰ፤ በመልሱ ጨዋታ ብቸኛዋን ጎል በጭንቅላቱ ገጭቶ ያስቆጠረውና ዋይዳድን ከ1992 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ያደረገው እሱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2019 ዋይዳድ በድጋሚ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ከቱኒዚያው ኤስፔራንስ ጋር በራባት 1 ለ 1 ተለያየና ለመልሱ ጨዋታ ቱኒዚያ ራደስ ሄደ። ባለሜዳዎቹ በዩሱፍ ቤላይሊ ጎል 1 ለ 0 እየመሩ ሳለ ኤል ካርቲ በሁለተኛው አጋማሽ በጭንቅላቱ ገጭቶ ኳሱን ከመረብ አገናኘ። ረዳት ዳኛው ባንዲራውን አነሣ፤ ጎሉ ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ተሻረ። የዋይዳድ ተጫዋቾች ዳኛው በቪዲዮ እንዲያጣራ ሲጠይቁ መሣሪያው እንደማይሠራ ተነገራቸው፤ እነሱም ጨዋታውን አንቀጥልም አሉ። ስታዲየሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከጠበቀ በኋላ ዋንጫው ለኤስፔራንስ ተሰጠ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ጨዋታው በገለልተኛ ሜዳ እንዲደገም ቢወስንም፣ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ ኮሚቴው ይህን የመወሰን ሥልጣን የለውም በማለት ውሳኔውን ሻረው፤ በመጨረሻም ዋንጫው በኤስፔራንስ እጅ ጸና። በቴሌቪዥን ምስሉን ደጋግመው ያዩ ብዙ ሰዎች ጎሉ ትክክለኛ ነበር ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ከጎሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ዝግጅቱ ነው፤ የአህጉሩን ትልቁን የክለቦች ጨዋታ ያለ ቪዲዮ ዳኝነት ማካሄድ ይቻላል፣ አለ ተብሎ ተጫዋቾቹ ሜዳ ከገቡ በኋላ ግን ሲፈለግ አይሠራም ሊባል አይገባም። እንግዲህ በፕሪቶሪያ በባከነ ሰዓት ያስቆጠረው ይህ በአንዱ ፍጻሜ ጀግና፣ በሌላው ጎሉ የተሻረበት ሰው ነው።

ፒራሚድስ ውስጥ የደርሶ መልስ ፍጻሜ ጠባሳ ያለበት እሱ ብቻ አልነበረም። ኮንጓዊው አጥቂ ፊስተን ማዬሌ በ2023 የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ፣ ደጋፊዎቹ እንደሚጠሩት ያንጋ፣ ተጫዋች ነበር፤ በአህጉሩ ሁለተኛ የክለቦች ውድድር በኮንፌዴሬሽን ካፕ ፍጻሜ ከአልጄሪያው ዩኤስኤም አልጀር ጋር ተገናኙ። በዳሬሰላም ያንጋ 1 ለ 0 ተመርቶ ማዬሌ በ82ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ ስታዲየሙ ተናወጠ፤ አልጄሪያውያኑ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይቆዩ ሁለተኛውን አስቆጥረው 2 ለ 1 አሸነፉ። ከዚያ ያንጋ አልጀርስ ሄዶ በባለሜዳው ደጋፊ ጩኸት መካከል በጁማ ሻባኒ ፍጹም ቅጣት ምት 1 ለ 0 አሸነፈ። ድምር ውጤቱ 2 ለ 2 ሆነ፤ ዋንጫው ከሜዳው ውጪ ብዙ ጎል ላስቆጠረው ለዩኤስኤም አልጀር ተሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ ላለን የእግር ኳስ ወዳጆች ያ ምሽት የቅርብ ቁስል ነው፤ ከእኛ ቀጠና የወጣ ክለብ አህጉራዊ ዋንጫ ለማንሣት ይህን ያህል ሲቃረብ ማየት ብርቅ ነውና።

ጁን 1 ቀን 2025 በካይሮው 30 ጁን ስታዲየም በተካሄደው የመልስ ጨዋታ የመጀመሪያውን ጎል በ23ኛው ደቂቃ ያስቆጠረው ይኸው ማዬሌ ነበር። አሕመድ ሳሚ በ56ኛው ደቂቃ ሁለተኛውን ጨመረ። ድምሩ 3 ለ 1 በመሆኑ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር፤ በ75ኛው ደቂቃ ኢቅራም ሬይነርስ ለሰንዳውንስ አንድ ጎል መለሰ። በዚህ ጊዜ የነበረውን ስሌት ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ሰንዳውንስ አንድ ጎል ቢጨምር ድምሩ 3 ለ 3 ይሆናል፤ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ግን ሰንዳውንስ 2 ለ 1 ስለሚበልጥ ዋንጫው ወደ ፕሪቶሪያ ይሄዳል። ስለዚህ ፒራሚድስ በሜዳው 2 ለ 1 እየመራ፣ ከአንድ ስሕተት በኋላ ተጨማሪ ሰዓት እንኳ የማያገኝ ቡድን ሆኖ ነው የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች የተጫወተው። በአንድ ጨዋታ በሚወሰን ፍጻሜ እንዲህ ያለ ሁኔታ አይፈጠርም፤ እዚያ የተቆጠረበት ቡድን ቢያንስ አቻ ነው። ፒራሚድስ ያንን ጊዜ ተቋቁሞ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ሻምፒዮንነት ክብር ወሰደ። የሰንዳውንሱ አሠልጣኝ ሚጌል ካርዶሶ ግን ከአንድ ዓመት በፊትም ኤስፔራንስን ይዘው በአል አህሊ በደርሶ መልስ ተሸንፈው ነበርና፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት በሁለት የተለያዩ ክለቦች ሁለት ፍጻሜ ማጣታቸው ለማንም የማይመኙት ዕጣ ነው።

ደርሶ መልስ የሚሰጠው ሌላው ነገር የተሸነፈ ቡድን ሳምንት ሙሉ አስቦ፣ ታርሞ፣ በራሱ ሕዝብ ፊት እንዲቆም መፍቀዱ ነው። በዚህ ረገድ የ2018ቱ ፍጻሜ ወደር የለውም። አል አህሊ ኤስፔራንስን በአሌክሳንድሪያ 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ከሦስቱ ጎሎች ሁለቱን ዋሊድ ሶሊማን በፍጹም ቅጣት ምት ነው ያስቆጠረው፤ ውሳኔዎቹም ቱኒዚያውያንን እጅግ አስቆጡ። የአል አህሊው አጥቂ ዋሊድ አዛሮ ማሊያውን ራሱ ቀዶ ተከላካይ እንደጎተተው ማስመሰሉ በካሜራ ታይቶ ካፍ ቀጣው፤ የመልሱ ጨዋታም አመለጠው። ኖቬምበር 9 ቀን ራደስ በቁጣ ተሞልቶ ጠበቀ። ያንን ጨዋታ በዋና ዳኝነት የመራው የእኛው ባምላክ ተሰማ ነበር። በሳምንቱ ውስጥ ስለ ዳኝነት ይህን ያህል ከተባለ በኋላ፣ ሁለቱ የሰሜን አፍሪካ ኃያላን የሚገናኙበትን የመልስ ጨዋታ ለኢትዮጵያዊ ዳኛ በአደራ መስጠት ትልቅ እምነት መጣል ነው፤ ይህን ሳስታውስ ዛሬም ኩራት ይሰማኛል። ሳድ ብጊር በመጀመሪያው አጋማሽ ባከነ ሰዓት አንድ፣ ከዕረፍት መልስ ደግሞ ሌላ ጎል አስቆጠረ። 2 ለ 0 ሲሆን ኤስፔራንስ ከሜዳው ውጪ ባስቆጠራት ጎል ብቻ ሻምፒዮን ነበር፤ አል አህሊ አንድ ጎል ቢያገኝ ሁሉም ይገለበጣል። አኒስ ባድሪ በ86ኛው ደቂቃ ሦስተኛውን እስኪጨምር ድረስ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዋንጫው በአንድ ጎል ልዩነት ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ።

ከ2019ኙ ውዝግብ በኋላ ካፍ ፍጻሜውን ወደ አንድ ጨዋታ ቀየረ፤ ሦስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው። በ2020 ሁለቱ የካይሮ ባላንጣዎች አል አህሊና ዛማሌክ በገዛ ከተማቸው ተገናኙ፤ በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች ስላልነበረ ስለ ሜዳ ማውራት ትርጉም አልነበረውም። በ2022 ግን ፍጻሜው አስቀድሞ ካዛብላንካ ተብሎ ስለነበር ዋይዳድ በራሱ ስታዲየም፣ በራሱ ደጋፊ ፊት ተጫውቶ አል አህሊን 2 ለ 0 አሸነፈ። አል አህሊ አስቀድሞ አቤት ቢልም ሰሚ አላገኘም። በአህጉራችን ደጋፊ ከሀገር ወደ ሀገር ለመብረር አቅሙም ቪዛውም የማይገኝለት በመሆኑ ገለልተኛ ሜዳ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሜዳ ወይም የአንዱ ሜዳ ማለት ነው። በ2023 ደርሶ መልስ ሲመለስ እነዚሁ ሁለት ክለቦች እንደገና ተገናኙ፤ አል አህሊ በካይሮ 2 ለ 1 አሸንፎ በካዛብላንካ 1 ለ 1 በመለያየት ዋንጫውን ወሰደ። በመልሱ ጨዋታ ከ27ኛው ደቂቃ እስከ 78ኛው ደቂቃ፣ ማለትም ሞሐመድ አብደልሞነም በጭንቅላቱ አቻ እስካደረገ ድረስ፣ ዋይዳድ ከሜዳው ውጪ ባስቆጠራት ጎል ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። ይህን ፍጻሜ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር የሚያወዳድር ሰው የትኛው የበለጠ ፍትሐዊ እንደነበር ለመናገር የሚቸገር አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ቢቀየር እወዳለሁ። ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎል ብልጫ የሚሰጥበትን ደንብ አውሮፓውያን በ2021 ሰርዘውታል፤ ካፍ ግን ይዞት ቀጥሏል። ያንጋ በ2023 ዋንጫ ያጣው በዚህ ደንብ ነው፤ በቀጣዩ ዓመትም ዛማሌክ በሞሮኮ በበርካን 2 ለ 1 ተሸንፎ በካይሮ 1 ለ 0 በማሸነፉ ኮንፌዴሬሽን ካፑን በዚያው ደንብ ወሰደ። ደንቡ በማጣሪያ ዙሮች የሚከላከሉ እንግዶችን ወደፊት እንዲወጡ ይገፋፋ ይሆናል፤ በፍጻሜ ግን አንዱ ሌላውን ሳይበልጥ ዋንጫ እንዲወስድ ያደርጋል። በ1967 አሻንቲ ኮቶኮና የዛሬው ቲፒ ማዜምቤ፣ የያኔው ኢንግልበርት፣ በጋና 1 ለ 1፣ በኮንጎ 2 ለ 2 ሲለያዩ እንዲህ ያለ መለያ ስላልነበረ ሦስተኛ ጨዋታ ተወሰነ፤ ኮቶኮ ለሦስተኛው ጨዋታ ባለመቅረቡ ዋንጫው ለኢንግልበርት ተሰጠ። በዛሬው ደንብ ቢሆን ኮቶኮ ከሜዳው ውጪ ባስቆጠራቸው ሁለት ጎሎች ሻምፒዮን በሆነ ነበር። ሦስተኛ ጨዋታ ይመለስ አልልም፤ የጉዞው ርቀትና የውድድሩ መርሐ ግብር አይፈቅዱም። ካፍ በፍጻሜ ላይ ብቻ እንኳ ደንቡን አንሥቶ፣ ድምር ውጤት እኩል በሆነ ጊዜ ቡድኖቹ 30 ደቂቃ እንዲጨምሩ፣ ያም ካልለያቸው በፍጹም ቅጣት ምት እንዲለዩ ቢያደርግ፣ አልጀርስ ሄዶ ያሸነፈ እንደ ያንጋ ያለ ቡድን ዋንጫውን ለመውሰድ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያገኝ ነበር።