ከተሰነጠቀው ገበቴ እስከ እንዝርቱ፦ የእንጨት ቶርኖ ሥራን እንዴት እንደለመድሁ

በ2009 ዓ.ም. ለገና በዓል ወደ መንዝ ስሄድ ለአክስቴ የያዝሁላት ስጦታ በገዛ እጄ የሠራሁት የመጀመሪያው የወይራ ገበቴ ነበር። ከደብረ ብርሃን ስነሣ ዙሪያው የተካከለ፣ ሲዳስሱት የሚያንሸራትት፣ ቡናማና ቢጫ መስመሮቹ እንደ ሐር ክር የተጠላለፉበት ዕቃ ስለነበር፣ አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር በጋቢዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ሄድሁ። አክስቴም መርቃኝ ተቀበለችና ወዲያው ቆሎ ሞላችበት። በሦስተኛው ቀን ማታ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠን ስናወጋ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማን፤ ዞር ብለን ስናይ ገበቴው ከአፉ እስከ መቀመጫው ተሰንጥቆ ቆሎው በስንጥቁ እየሾለከ ነበር። አክስቴ ስንጥቁን በጣቷ ተከትላ ከዳሰሰችው በኋላ፣ «ልጄ፣ እንጨቱ ሳይደርቅ ነው እንዴ የፈለፈልኸው?» አለችኝ። እንጨት ወይም ብረት እያዞሩ የሚቀርጹበትን ቶርኖ የሚባል መሣሪያ ዓይታ የማታውቅ ሴት ጥፋቴን በአንድ ዐረፍተ ነገር ነገረችኝ፤ ጥፋቱን ማረም ግን ሁለት ዓመት ያህል ፈጀብኝ።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። በሙያዬ የሒሳብ መምህር ስሆን፣ ትምህርት ተዘግቶ በነበረበት በሐምሌ ወር አንድ ብሎን ላስቀርጽ ደብረ ብርሃን ወደሚገኝ ቶርኖ ቤት ሄጄ ነበር። ባለሙያው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ የእኔን ብረት እንደጨረሱ የተሰበረ የሞረድ እጀታቸውን ለመተካት አንዲት የወይራ ጉማጅ በዚያው የብረት ቶርኖ ላይ አስረው አዞሯት። እንጨቱ እንደ ድንች ልጣጭ እየተጠቀለለ ሲወርድና የወይራው ሽታ በማሽን ዘይት ሽታ መካከል ቤቱን ሲሞላው፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ «ጋሼ፣ እኔም ልሞክረው?» ብላቸው፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «መጀመሪያ ካፖርትህን አውልቅ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ልብሴ እንዳይቆሽሽ ያሰቡልኝ መስሎኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ የሚጥልባት ከተማ ስለሆነች ቤት ውስጥ ሳይቀር ጋቢ ወይም ካፖርት ደርቦ መሥራት የተለመደ ነው። የሚዞር እንጨት ግን የጋቢን ጫፍ ወይም የተንዘረፈፈ እጅጌን ከያዘ ማሽኑን እስኪያጠፉት ድረስ አይጠብቅም፤ እጅንም አብሮ ይጠቀልላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርዱ የቱንም ያህል ቢጠና የምሠራው እጅጌው ክንድ ላይ በሚጣበቅ ሹራብና በፊት መከላከያ ነው፤ እጅ ጓንት ደግሞ ፈጽሞ አላጠልቅም።

ጋሼ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየመጣሁ እንድለማመድ ፈቀዱልኝና እጀታ ብቻ እንድሠራ አዘዙኝ። አርባ እጀታ ሳልጨርስ ሳህን እንዳልነካ ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን በአሥራ አንደኛው ሰለቸኝ። አክስቴ ቤት የተሰነጠቀው ገበቴ የዚህ ችኮላ ፍሬ ነው።

የራሴን ማሽን ያሠራሁት በአንድ የብየዳ ቤት ሲሆን፣ ሁለት ኩሽኔታ ላይ የሚዞር ዘንግ፣ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት የጫፍ መደገፊያና የመሮ ማስደገፊያ ያለው፣ ከባድ የብረት ጠረጴዛ የሚመስል ነገር ነው። ሞተሩ ያገለገለ ባለ 1 የፈረስ ጉልበት ሆኖ በደቂቃ 1,420 ጊዜ ይዞራል። ለአንድ የሒሳብ መምህር ደስ ያለኝ ክፍል የፑሌጃው (ቺንጋ የሚባለው የጎማ ቀበቶ የሚዞርበት መዘውር) ስሌት ነበር። በሞተሩ በኩል 60፣ 90 እና 120 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ደረጃዎች፣ በዘንጉ በኩል ደግሞ በአንጻራቸው 150፣ 120 እና 90 ሚሊ ሜትር የሆኑ አሉ፤ የየጥንዱ ድምር 210 ስለሆነ አንድ ቺንጋ ለሦስቱም ይበቃል። ከ60 ወደ 150 ሲዘረጋ ዘንጉ በደቂቃ 570 ዙር ያህል፣ በመካከለኛው 1,065፣ በፈጣኑ 1,890 ያህል ይዞራል። ይህ ስሌት ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ 25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት በፈጣኑ ደረጃ ቢታሰር ጠርዙ በሰዓት ወደ 90 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይሮጣል፤ ገና ያልተስተካከለ ጉማጅ በዚህ ፍጥነት ከእስራቱ ቢያመልጥ የሚያደርሰውን ጉዳት መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ሰፊ እንጨት ምንጊዜም በዝግታው ደረጃ ይጀመራል፤ ፈጣኑ ከሰባት ሳንቲ ሜትር በታች ለሆኑ ቀጫጭን ሥራዎች ይቀራል።

ከማሽኑ ጋር በተያያዘ ያገኘኝ ትልቁ አደጋ የመጣው ከመብራት ነው። አንድ ቀን ጉማጅ አስሬ ሳዞር መብራት ጠፋ፤ ማብሪያውን ሳላጠፋ ቡና ልጠጣ ወደ ቤት ገባሁ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ በራሱ ተነሥቶ፣ ሳላጠብቅ የተውሁት ጉማጅ ተስፈንጥሮ የቆርቆሮ በሩን አጎደጎደው። ትንሿ ልጄ በዚያ በር ስትወጣና ስትገባ የምትውል ነበረች። አሁን መብራት ሲጠፋ እጄ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማብሪያው ነው፤ ሥራ ከመጀመሬም በፊት እንጨቱን በእጄ አንድ ዙር አዙሬ ማስደገፊያውን እንደማይነካ ሳላይ ማሽኑን አላስነሣም።

ስለ መሮ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ ዋናው ነገር ግን ብረቱና ስለቱ ነው። ለቶርኖ ተብሎ የተሠራ መሮ በአካባቢያችን ስላላገኘሁ የመጀመሪያውን ከአሮጌ ሞረድ ሞርጄ ሠራሁ፤ ሞረድ ጠንካራ ስለሆነ መልካም ምርጫ መስሎኝ ነበር። ጥንካሬው ግን የብርጭቆ ዓይነት ነው፤ አንድ ቀን ጫፉ የሚዞረውን እንጨት ሲነክስ ከማስደገፊያው ላይ እንደ ሸንኮራ ቀጨም ብሎ ተሰበረና ስባሪው በጆሮዬ አጠገብ አለፈ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለወትሮው ያልነበራቸው ቁጣ ተቆጡኝ። ቀጥሎ ከመኪና ባሌስትራ አንድ ጎድጓዳ፣ አንድ ሰያፍ፣ አንድ ጠባብ መቁረጫ መሮ ቀጥቃጭ ዘንድ አሠራሁ፤ ባሌስትራ እየተለጠጠ ለመኖር የተሠራ ብረት ስለሆነ በቀላሉ አይሰበርም፤ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ መሳል ይፈልጋል። መሳል የሚያስፈልግበትን ጊዜ የሚነግረኝ የሚወርደው እንጨት ነው። ረጅም ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ሲወርድ መሮው እየቆረጠ ነው፤ ዱቄት የሚመስል ሰጋቱራ መውረድ ሲጀምር ግን መሮው መፋቅ ጀምሯልና፣ ያን ጊዜ ገፍቼ በጉልበት ለመጨረስ መሞከር ሥራውንም ክንዴንም ያበላሻል። ብዙ ጀማሪ የመሮውን ድንዛዜ በብርጭቆ ወረቀት ሊያካክስ ይሞክራል፤ እኔም አንድ ዓመት ሙሉ አቧራ ስውጥ የኖርሁት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ ግን እንጨቱ ራሱ ነው። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሰበሰብም፤ በእድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚሰበሰበው ከልብ ወደ ቅርፊት ከሚሰበሰበው እጥፍ ያህል ስለሚሆን፣ ልቡን በመካከሉ እንደያዘ የተፈለፈለ ዕቃ መሰንጠቁ የማይቀር ነው። የአክስቴ ገበቴ ሁለቱንም ስሕተት አጣምሮ ይዞ ነበር፤ ወይራው ከተቆረጠ ወር አልሞላውም፣ የግንዱም ልብ መቀመጫው መሀል ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታይ ነበር። የመንዝ ደረቅ የታኅሣሥ ነፋስና የምድጃው ሙቀት የቀረውን ጨረሱት።

አሁን ጉማጁን እንዳገኘሁ በልቡ በኩል ለሁለት እሰነጥቀውና ልቡን አስወግጄ፣ ውኃው በፍጥነት የሚያመልጠው በግንዱ ሁለት ጫፎች ስለሆነ እነሱን በቀለጠ ሰም ወይም በተረፈ የቤት ቀለም እቀባቸዋለሁ። ጠፍጣፋ ጣውላ በጥላ ሥር ሲደርቅ ለእያንዳንዱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል ስለሚባል፣ ለሳህን የሚሆነውን ያን ያህል ከመጠበቅ ይልቅ በእርጥቡ በሻካራው እፈለፍለዋለሁ። የግድግዳውን ውፍረት ከስፋቱ አንድ አሥረኛ እተውለታለሁ፤ ይኸውም ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 2.5 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከዚያም በራሱ ፍቅፋቂ ቀብሬ በወረቀት ከረጢት ውስጥ አስቀምጬ በየሁለት ሳምንቱ በኩሽና ሚዛን እመዝነዋለሁ። ባለፈው የሠራሁት የወይራ ሳህን ሲጀመር 1 ኪሎ ከ600 ግራም ነበር፤ በሰባተኛው ወር 1 ኪሎ ከ200 ላይ ሲቆም መድረቁን አወቅሁ። ክቡ ሞላላ ሆኖ ነበር፤ ውፍረቱ የተተወለትም ለዚሁ ስለሆነ ዳግመኛ ታስሮ ሲቀረጽ ክብነቱ ተመለሰ።

እንጨቱን የማገኘው ዛፍ በማስቆረጥ አይደለም። ወይራና የሐበሻ ጥድ በቀላሉ የማይተኩ ዛፎች ስለሆኑ የምጠቀመው ነፋስ የጣለውን ቅርንጫፍ፣ የፈረሰ ቤት ምሰሶና የአናጢዎችን ቁርጥራጭ ነው፤ አሮጌ የጥድ ምሰሶ ደርቆ የቆየ ስለሆነ ለጀማሪ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የተሰወረ ምስማር ካለበት ግን መሮውን ይበላዋልና አስቀድሞ መፈተሽ ያስፈልጋል። ከሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚመጣ ዋንዛ ለስላሳና ታዛዥ ነው። ባሕር ዛፍ በየደጁ ያለ ቢሆንም ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለልምምድ ብቻ ይሆነኛል። ለመቀባት የተልባ ዘይትና የንብ ሰም በእሳት ላይ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጬ እቀላቅላለሁ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማዶ ከተተወ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ዘርግቼ ውጭ አሰጣዋለሁ እንጂ ጥግ አልወረውረውም።

በ2011 ዓ.ም. ወደ ስጦታው ተመለስሁ። ለእኅቴ ልጆች የገና ጨዋታ ኳስ፣ እሩር፣ ልሠራ ስፈልግ፣ አክስቴ ማገዶ መካከል ከኩበቱ ሥር አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ የሥር ጉጥ አገኘሁ። ይህ ጉጥ በሌላ አገር የትንባሆ ፒፓ የሚሠራበት ጠንካራ እንጨት ሲሆን፣ ጭረቱ በየአቅጣጫው የተጠማዘዘ ስለሆነ በበትር ሲመታ አይሰነጠቅም። መጀመሪያ ቁመቱና ስፋቱ እኩል 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ግንድ አወጣሁ፤ ጠርዞቹን ቀርጬ ካዞርሁ በኋላ እንጨቱን አጋድሜ እንደገና አሰርሁት። ድቡልቡል መሆኑን ዓይን አይፈርድም። ከእሩሩ የሚጠብብ የቧንቧ ቁራጭ ወስጄ አፉን በየአቅጣጫው እለካበታለሁ፤ በቧንቧው ጠርዝና በእንጨቱ መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ እዚያ ከፍታ ወይም ጉድጓድ አለ ማለት ነው። ልጆቹ በበዓሉ ዕለት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገደል ሰደዱት፤ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንደሚባለው እኔም አልተቆጣሁም፤ አሁን ግን ሦስት ሦስት እያደረግሁ እሠራለሁ።

ለአክስቴ የሠራሁላት እንዝርት ነበር። አሮጌ እንዝርቷን ለክቼ በ32 ሳንቲ ሜትር ቁመት ስቀርጸው ከመሀሉ እየተርገበገበ ሦስት ጊዜ ተሰበረብኝ። መድኃኒቱ ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ለማቅጠን አለመሞከር ነበር፤ ከጫፍ መደገፊያው በኩል ጀምሬ አራት አራት ጣት እየጨረስሁ፣ በግራ እጄ ጣቶች ከኋላ ደገፍ አድርጌ ስይዘው ስድስት ሚሊ ሜትር እስኪሆን ድረስ ሳይንቀጠቀጥ ተቀረጸ። ከታች የሚከብደውን ክብ በወይራ ሠርቼ አስገባሁበትና ኮርቼ ወሰድሁላት። ሁለት ጊዜ አሽከረከረችና ክሩ ተበጠሰ። «ይህስ ለዝተት ሱፍ እንጂ ለጥጥ አይሆንም፣ ከበደኝ» ብላ መለሰችልኝ። ክቡን ወደ ማሽኑ መልሼ ከግማሽ በላይ አቀለልሁት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ ስትፈትልበት ቆየችና ስለ እንዝርቱ አንዲት ቃል ሳትናገር ሌላ ወሬ ጀመረች፤ ያን ጊዜ እንደተስማማት ገባኝ።

የተሰነጠቀውን ገበቴ የጣለችው መስሎኝ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ ግን ስንጥቁን ግራና ቀኝ በጋለ ወስፌ በስታ በጠፍር ሰፍታው፣ ልቃቂቶቿን ሞልታበት እንዝርቱን መሀላቸው ሰክታ አገኘሁት። ልመለስ ስል ለጎረቤቶቿ ሦስት እንዝርት አዘዘችኝ፤ ለጠላ ጋን ማጠኛ የሚሆን አንድ ከረጢት የወይራ ፍቅፋቂም አብሬ እንዳመጣላት አደራ አለችኝ።