በሬ የማይገባበት አገር

የምጽፈው ምናባዊ ልቦለድ ነው። የሌለ አገር፣ የሌለ ንጉሥ፣ የሌለ አውሬ። ታዲያ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ይሄን ሁሉ ከየት ታመጪዋለሽ?» ይለኛል። በሕልሜ የሚመጣልኝ የሚመስላቸው አሉ። በጫት ነው የሚሉም አይጠፉም። አንድ ወዳጄ ደግሞ «ጎጃም ሂጂ። ጢስ ዓባይ ሥር ቁጭ በይ፤ ዘንዶው ራሱ ብቅ ይልልሻል» አለኝ። መንገዱ ገና ሰላም ሳለ ነው ነገሩ። ሄድኩ።

ዓባይ በረሃን ተኝቼ አለፍኩት። ደጀን ላይ ስነቃ አንገቴ ተጣሟል።

ደብረ ማርቆስ አመሻሽ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አንድ የቆሎ ተማሪ አገኘሁ። ደበሎ ለብሷል፤ አኩፋዳው ትከሻው ላይ ነው። ቅኔ ቤት ከገባ ብዙም አልቆየም። ገና ጉባኤ ቃና ላይ ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለው አጭር ቅኔ።

«የትናንቱን ዛሬ ብትደግመውስ?» አልኩት።

«ኧረ እታለም! ቅኔ ደግሜ መሳቂያ ልሆን?»

አንዱን ጀግና በሦስት መጽሐፍ ያመላለስኩ ሰው ነኝና ወሬ ቀየርኩ። ተማሪዎች ትምህርት እንዲገባቸው ይጠጡታል ስለሚባለው አብሾ ጠየቅኩት። እሱ አልጠጣም፤ ሲወራ ግን ሰምቷል። የጠጣ ሰው አንዴ የሰማው ነገር ከልቡ አይጠፋም አሉ። መጠኑ ካለፈ ግን ያሳብዳል። የተረፈውም ቢሆን ዕድሜ ልኩን መጠጥ አይስማማውም፤ ጠላ ሲቀምስ አብሾው ይነሳበታል። ማስታወሻዬን አወጣሁ። አስማት ማለት ለእኔ ይሄ ነው። በነፃ የሚሰጥ አስማት ያለበት ልቦለድ ሳነብ እንቅልፌ ይመጣል።

የእውነተኛው እንቅልፍ ግን ያን ሌሊት አልመጣም። የሆቴሉን ስም አልጠራም። አልጋው 250 ብር ነበር። ከሥሩ ግሮሰሪ አለ፤ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አላባራም። ሲያባራ ደግሞ ውሻ ተተካ። ብርድ ልብሱ የጮቄ ነፋስ እዚህ ድረስ እንደሚወርድ የነገረው ያለ አይመስልም፤ ስስ ነው። ጠዋት የቀረበልኝ ፍርፍር እንደ ክፍሉ ቀዝቅዟል። ሳልነካው ተነስቼ ወጣሁ።

ከቲሊሊ የዓባይ መነሻ ግሽ ዓባይ ወዳለባት ሰከላ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ቢጫ ጀሪካን ታቅፈዋል። ጥቂት እንደሄድን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ቀምሰሻል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አልቀመስኩም፣ እማማ።»

«እሰይ! የበላ ሰው እኮ ምንጩ ዘንድ አይደርስም።»

ያ ፍርፍር ውለታ ዋለልኝ። ከፊት ወንበር የነበረው ጎልማሳ ሻይ በዳቦ መብላቱን ተናዘዘና ከደጅ ቀረ። እኔ የእማማን ጀሪካን ተሸክሜ ገባሁ።

ጣና ገብቶ፣ ከጣና ወጥቶ፣ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ የሚደርሰው ወንዝ መነሻው ጨፌ ላይ ያለች ምንጭ ናት። ጀሪካኖቹ ለጠበል ተሰልፈዋል። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ሰልፉ አልገረመኝም፤ የሚሳደብ ሰው አለመኖሩ ነው የገረመኝ። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሷል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 መጥቶ «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ሲል ለአገሩ ንጉሥ ጤና ከምንጩ ቀድቶ ጠጣ። ያን ዕለት ቁርስ በልቶ እንደሆነ ማን ጠየቀው!

ወረፋችንን ስንጠብቅ እማማ የአቡነ ዘርዐ ብሩክን ነገር አጫወቱኝ። ጻድቁ ሊታሰሩ ሲወሰዱ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለውሃው አደራ ሰጡ። ተፈትተው ሲመለሱ ውሃው አንዲት ፊደል ሳያረጥብ መለሰላቸው። እኔ ላዋስኩት መጽሐፍ ይህን ያህል የታመነ ሰው እስካሁን አላየሁም። ወንዝን መጽሐፍ ጠባቂ ማድረግ ግን አስቤ የማላገኘው ነገር ነው። እማማ እንደ ሰፈር ወሬ አውርተውት ወደ ጀሪካናቸው ዞሩ።

ዘንገና ሐይቅ ያምራል። ፎቶ አንስቼ አለፍኩ።

ጢስ ዓባይ የደረስኩት በበጋ ነው። አብዛኛውን ውሃ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ወስዶታል። ገደሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ቀርቷል። ዘንዶ ቀርቶ ዝንጀሮም አልወጣም። ወዳጄ ላይ ተናደድኩ። ደግሞም ፏፏቴው ሞልቶ ቢጠብቀኝ ኖሮ «ፏፏቴው ያስገመግማል» ብዬ ከመጻፍ ሌላ ምን እጨምርበት ነበር? መልክ ብቻውን ታሪክ አይሆነኝም። ክልክል የሆነ ነገር ሲኖር ነው የሚጣፍጠኝ። ማን ከለከለው፣ ማን ሊጥሰው ይፈልጋል፣ ቢጥሰውስ?

ለምሳሌ ጣና ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም። ሴት አይገባበትም። ወንዶቹ ወርደው ገዳሙን ሲያዩ እኔ ጀልባው ላይ ቀረሁ። ባለጀልባው ግን ከእኔም እኩል 400 ብር ነው የተቀበለው። «እታለም፣ ነዳጁ አንድ ነው» አለኝ። ብሩን ሳስብ እስካሁን ይቆጨኛል። ደሴቱን ግን ሳላየው በመቅረቴ በልቤ ሦስት ዓይነት አድርጌ ሠራሁት፤ የወረዱት ወንዶች ያዩት አንዱን ብቻ ነው።

ዘጌ ላይ ወረድኩ። መንገዱ በቡና ዛፍ ጥላ ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ ፀሐይ የምታገኘው አልፎ አልፎ ነው። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንወጣ አንድ አዛውንት አብረውኝ ሄዱ። እዚህ አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም የገቡት ቃል ኪዳን ነው። መቋሚያቸው ሦስት ላይ ተሰብሮ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆነ ይባላል። ሕዝቡ በዚያ ይኖራል፤ እህሉን ከገበያ ይሸምታል።

«የሚያርስ ሰው ቢመጣስ፣ አባባ?»

«በምን ያርሳል? በሬ ከየት ያመጣል?»

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። መሬት መንካት የተከለከለ ከተማ። እህል የሚሸጥላቸው ጎረቤት ዋጋውን ሲቆልልባቸው። ልጆቿ የተራቡባት አንዲት መበለት፤ በሌሊት በሬ ልታስገባ የምታስብ። በየት በኩል? በሐይቁ ነዋ።

ወደብ ስመለስ አንድ ሰው ከደንገል የተሠራ ታንኳው ላይ ማገዶ ይጭናል። ባሕር ዳር ወስዶ ሊሸጥ ነው። ታንኳው ግማሽ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቷል።

«በሬ ይችላል?» አልኩት።

ማገዶውን አስቀምጦ አየኝ። ጓደኛውን ጠርቶ አስደገመኝ። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ግን በቁም ነገር ተከራከሩ። ደንገሉ አዲስ ከሆነ፣ እግሩ ከታሰረ፣ ነፋስ ከሌለ።

«በሬስ ይከብዳል» አለኝ በመጨረሻ። «ጥጃ ከሆነ ይሞከራል።»

በቃ፣ ጥጃ አደረግኩት።