ገንዘቡ ያለበት ገብስ

በዩኒቨርሲቲያችን የግብርና ክፍል የሚመራመር ወዳጄን ሁሉም «አንተማ ለምርምር ገንዘብ አታጣም፣ ደልቶሃል» ይለዋል። ልቡ ያለው ግን በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ደጋ ላይ በበልግ የሚዘራው የአገር ገብስ ላይ ነው። ለቆሎ፣ ለበሶ፣ ለጠላ የሚሆነው። ገንዘቡ ያለው ብቅል ገብስ ላይ ነው። ቢራ ፋብሪካ የሚፈልገው ፕሮቲኑ ዝቅ ያለ፣ ፍሬው እኩል የሆነ ገብስ ነው። ውርጭ ይችላል ወይ፣ ቶሎ ይደርሳል ወይ፣ በሶው ይጣፍጣል ወይ፣ ጠያቂ የለም። ስለዚህ ወዳጄ ብቅል ይመዝናል።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ደግሞ ወሬው ሁሉ ጨርቃ ጨርቅ ነበር። በ2014 አሜሪካ ከአጎዋ፣ ማለትም ከቀረጥ ነፃ ወደ ገበያዋ ከምታስገባበት ዕድል፣ ስታስወጣን ያም በረደ። ገበያ ያመጣው የምርምር ርዕስ ከገበያው ጋር ይሄዳል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የባይ-ዶል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የተገኘን ግኝት ፓተንት እንዲይዙ ፈቀደ። ለመድኃኒት ተመራማሪ ሲሳይ ነው። ለታሪክ ሰው ምን ያደርግለታል?

እኔ ደሴ ላይ ፎክሎር አስተምራለሁ። የምፈልገው በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፉ የወሎ መንዙማዎችን መሰብሰብ ነው። በየሼሁ ቤት ወረቀቱን ምስጥ እየበላው ነው። የምርምር ገንዘብ መጠየቂያው ቅጽ ግን «የውጤቱ ገበያ የት ነው?» ይላል። ምን ልበል? «ቱሪዝም» ብዬ ሞላሁ። ወላሂ፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ኮሚቴው «የቱሪስት ቁጥር ግምት ጨምሪበት» ብሎ መልሶልኛል።