ለግቢ ማድቤት ድንጋይ ስትመርጡ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ግቢ ውስጥ ለሚሠራ ማድቤት እምነ በረድ አትግዙ። ሎሚ፣ አቼቶና ቲማቲም ይበላዋል፤ የነካው ቦታ ደብዝዞ ይቀራል፣ በሳሙናም አይመለስም። የፋብሪካው ኳርትዝም ለደጅ አይሆንም፤ የድንጋዩን ዱቄት የሚያያይዘው ሬዚን የተባለ ሙጫ ፀሐይ ሲበዛበት ቢጫ ይሆናል።

የሚያዋጣው ግራናይት ነው፤ ገበያ ላይ ግን ግራናይት የተባለ ሁሉ ግራናይት አይደለም። ቀብድ ሳትከፍሉ ቁራጭ ጠይቁና ሞክሩት። ሎሚ ጨምቁበት፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ስትጠርጉት ከደበዘዘ ተዉት። ሌላ ጥግ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ፤ ቦታው ከጠቆረ ድንጋዩ ይመጥጣል፣ የቁሌት ዘይትና እርድም ይገባበታል። እንዲህ ያለው ድንጋይ ግን ሲለር፣ ማለትም ፈሳሽ እንዳይመጥ የሚከላከል ቅባት፣ ከተቀባ ይሠራል። ጥቁር ከመረጣችሁ በአሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ) የራሰ ነጭ ጨርቅ እሹበት። ጨርቁን ካጠቆረው ቀለም የጠጣ ነውና አትውሰዱት። ለኮምቦልቻ ፀሐይ ግን እኔ ፈካ ያለውን ግራጫ እመርጣለሁ፤ ጥቁሩ ቀትር ላይ እጅ አያስነካም።

ውፍረቱ 3 ሳንቲ ይሁን። አንድ ካሬው 80 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን የብሎኬት ድጋፍ በየ60 ሳንቲው ያስፈልገዋል።

ብዙ ድንጋይ የሚሰነጠቀው ለላቫንዲኖ ከተቆረጠው ቀዳዳ ጥግ ነው። ቆራጩ ጥጉን በቀጥታ 90 ዲግሪ ካወጣው ጫናው እዚያ ይከማቻል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ክብ አድርጎ እንዲቆርጠው ንገሩት። የከሰል ምድጃም ድንጋዩ ላይ በቀጥታ አይቀመጥ። ከሥሩ ያለው ግሎ ሲለጠጥ ዙሪያው ቀዝቃዛ ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ በተለይ ዝናብ ካረፈበት። እግር ያለው የብረት ማስቀመጫ ሥሩለት።

የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ አስባችሁ ድንጋዩን ወደ ፊት በሜትር 1 ሳንቲ አዘንብሉት። በጠርዙ ሥር፣ ከጫፉ 2 ሳንቲ ገባ ብሎ፣ ቀጭን ቦይ ይቆረጥለት፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ብሎኬቱ አይዞርም። ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበትን 3 ሚሊ ክፍተት በሲሚንቶ አትድፈኑት፤ ድንጋዩ በሙቀት የሚለጠጥበት ቦታ ያጣል። ሲሊኮን ሙሉት፤ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ድንጋይ ስለሚያበላሽ ኒውትራል የሚል የተጻፈበትን ግዙ።

ሲለሩን በዓመት አንዴ፣ ጥቅምት ላይ ድንጋዩ በደንብ ሲደርቅ ቀቡት። ያልጠጣውን ትርፍ ወዲያው ጥረጉ፤ ከደረቀ የሚያጣብቅ ጭጋግ ይተዋል።